ሌባን የተገዳደረው ቁልፍ ሠሪ

ሌባ እንዳይገባ በሩን የሚቆልፍ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ሌባውን ራሱን ጠርቶ ና እስቲ ይህን ክፈት፣ ከከፈትከው ገንዘብ እሰጥሃለሁ ያለ ሰው ግን ብዙ አልተሰማም። ከ200 ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ፒካዲሊ በሚባለው ታዋቂ ጎዳና ላይ ባለው ሱቁ መስኮት ላይ አንድ ጓጉንቸር አስቀመጠ። አብሮት የተቀመጠው ማስታወቂያ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ይህን ጓጉንቸር ያለ መክፈቻው የሚከፍት መሣሪያ ሠርቶ ለሚያመጣ ባለሙያ 200 ጊኒ እዚያው ይከፈለዋል። ጊኒ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ነው። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም፤ ስንት እንደነበር ወደ ኋላ ላይ እናሰላዋለን።

ሰውየው ጆሴፍ ብራማ ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን የእሱ ሕይወት ነው። እኛን ከእሱ ጋር ምን አገናኘን እንዳትሉ። አሁን ስልካችሁን ከፍታችሁ ጥቂት ብትቃኙ፣ በጣት አሻራ የሚከፈት የበር ቁልፍ፣ ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው መልክ ስልካችሁ ድረስ የሚያመጣ ደወል፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ካሜራ ማስታወቂያ አታጡም። ሁሉም አስተማማኝ ነኝ ይላል። ማን ፈትኖህ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን መልስ የለውም። ብራማ ያንን ጥያቄ ሳይጠየቅ፣ በገዛ ገንዘቡ አስይዞ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት መስኮት ላይ ያወጣ ሰው ነው።

ወደ ሕይወቱ ከመግባታችን በፊት አንድ የቋንቋ ነገር እናጥራ። በአማርኛ በሩ ላይ የተገጠመውንም፣ ኪሳችን ውስጥ ያለውንም ቁልፍ ነው የምንለው። ለዛሬው ጨዋታ ግን ሁለቱን መለየት አለብን። በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ በእጅ የሚያዘውን መክፈቻ እንበለው። የብራማ ታሪክ በሙሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ላይ ነው።

ባለውለታዋ እግር

ብራማ በ1748 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ግዛት፣ ባርንስሊ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለች ስቴንቦሮ በምትባል መንደር ተወለደ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ገበሬ ነበር። ልጁም ቢሆን ዕድሉ ከማሳ ውጪ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በ16 ዓመቱ ግን እግሩ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ከዚያ በኋላ እርሻ ላይ ውሎ መግባት አልቻለም። ስለዚህ በአካባቢው ለነበረ አንድ አናጺ በተለማማጅነት ተሰጠ። በወቅቱ ለቤተሰቡ ሐዘን ሳይሆን አልቀረም። ለእንግሊዝ ኢንዱስትሪ ግን ያቺ የተጎዳች እግር ትልቅ ባለውለታ ናት።

ልጁ የእንጨት ሥራውን ጠንቅቆ ከተማረ በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ የቤት ዕቃ ሠሪ ሆነ። እዚያ ካገኛቸው ሥራዎች አንዱ ዛሬ ብዙ ሰው አፉን ሞልቶ የማይናገረው ዓይነት ነበር፤ በየቤቱ እየዞረ በውሃ የሚሠራ ሽንት ቤት ይገጥም ነበር። የሚገጥመው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1775 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያወጣበትን ዓይነት ነው። ብራማ እየገጠመ ጉድለቱን አስተዋለ። በብርዱ ወራት ውሃው ይረጋና ዕቃው አልሠራም ይላል። እሱ ከሥር የነበረውን ተንሸራታች መዝጊያ አውጥቶ በማጠፊያ የሚከደን መዝጊያ ተካበት። በ1778 በስሙ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። ሥራው ሰመረለት፣ ሱቅ ከፈተ።

ሰውየው ከዚህ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድን ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ውበቱን አይደለም፤ የት ላይ እንደሚሰበር ነው።

470 ሚሊዮን

ቀጥሎ ዓይኑ ያረፈው በር ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ ቁልፎች ውስጣቸው የብረት ጋሬጣ ነበረው። ትክክለኛው መክፈቻ ጋሬጣዎቹን የሚያሳልፍ ክፍተት ተቆርጦለት ያልፋል። ችግሩ፣ ጋሬጣው የት እንዳለ ያወቀ ሰው ቀጭን ብረት አጣሞ አሾልኮ ያልፈዋል። ስለዚህ የቁልፉ ጥንካሬ ውስጡ አለመታወቁ ብቻ ነበር። አንድ ሌባ አንዱን ፈቶ ካየ፣ ያንን የመሰሉት ሁሉ አበቃላቸው።

ብራማ በ1784 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቁልፍ በሌላ ሐሳብ የተሠራ ነው። መክፈቻው ትንሽ የብረት ቱቦ ነው። የቱቦው ጫፍ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ ሲሆን ስንጥቆቹ ጥልቀታቸው ይለያያል። ቁልፉ ውስጥ ደግሞ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ቀጫጭን ተንሸራታች ብረቶች አሉ፤ ከኋላቸው ሞላ ይገፋቸዋል። መክፈቻው ሲገባ እያንዳንዱን ብረት በየራሱ ልክ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሁሉም ብረቶች በአንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው ቦታቸው ላይ ሲቆሙ ብቻ መሐሉ ይዞራል። አንዱ እንኳ በፀጉር ስፋት ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ንቅንቅ የለም።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ጓጉንቸር 18 ተንሸራታች ብረቶች ነበሩት። በዚህ የሚገኘው አማራጭ ከ470 ሚሊዮን በላይ ነው። እስቲ ይህን ወደ ራሳችሁ ስልክ አምጡት። ስልካችሁን የምትከፍቱበት ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ያለው አማራጭ 10,000 ብቻ ነው። ባለ 8 አሃዝ ቢሆን እንኳ 100 ሚሊዮን ነው። በሻማ ዘመን፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር የተሠራ አንድ ጓጉንቸር ከባለ 8 አሃዝ የይለፍ ቁጥር ከ4 እጥፍ በላይ አማራጭ ነበረው ማለት ነው። የእናንተን ባለ 4 አሃዝማ 47,000 ጊዜ ይበልጠዋል።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ብራማ የቁልፉን አሠራር አልደበቀም። የፈጠራ መብት ሲያወጣ አሠራሩ በጽሑፍና በሥዕል ተገልጿል። ከዚያም አልፎ ስለ ቁልፎች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ የሌሎቹ ድክመት ምን እንደሆነና የእሱ ለምን እንደሚሻል አስረዳበት። ሌባው መጽሐፉን ገዝቶ ቢያነበውስ? ያንብበው። የቁልፉን አሠራር ማወቅ የአንዱን በር መክፈቻ አይሰጠውም። ምስጢሩ ያለው በመክፈቻው ላይ ነው፤ ቁልፉን አገር ቢያውቀው ግድ የለም።

ይህ ሐሳብ ከብራማ ሞት ብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1883፣ ኦገስት ኬርክሆፍስ በተባለ ሰው ስለ ወታደራዊ የምስጢር ጽሑፍ ሲጻፍ በግልጽ ሕግ ሆኖ ወጣ። ዛሬም የዲጂታል ደኅንነት መሠረት እሱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1997 አዲስ የመረጃ መቆለፊያ ስልት ሲፈልግ ለዓለም ባለሙያዎች ግልጽ ውድድር አወጀ። 15 ስልቶች ቀረቡ፤ ሁሉም እየተፈተኑ፣ እየተተቹ በ2000 የሁለት ቤልጅየማውያን ሥራ አሸነፈ። ኤኢኤስ ይባላል። አሁን በምትጠቀሙበት ስልክ ውስጥ እየሠራ ነው። አሠራሩን ማንም ሰው አውርዶ ማንበብ ይችላል፤ ይህ ግን አላዳከመውም።

የተሰበረው ሞርሳ

ወደ ብራማ እንመለስ። ቁልፉ ድንቅ ነው፤ ግን ማን ይሥራው? ክፍሎቹ በእጅ እየተሞረዱ ነው የሚወጡት። ትንሽ ከተዛነፉ አይሠሩም። ዋጋውም አይቀመስም። ጎበዝ እጅ ያስፈልገው ነበር። አንድ ሰው ዉልዊች ከሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አንድ ልጅ ጠቆመው፤ ሄንሪ ሞድስሌይ። ዕድሜው 18 ነው።

ብራማ ሲያየው በጣም ልጅ ሆነበት። ፎርማኑም እንደዚሁ። የቤቱ ሠራተኞች 7 ዓመት በተለማማጅነት አልፈው የመጡ ናቸው፤ ትናንት የተወለደ ልጅ መሐላቸው ሲገባ ዝም ብለው አያዩም። የሚተረከው እንዲህ ነው። ሞድስሌይ ራሱ ዓይኑን ዞር ዞር አድርጎ አንድ ያረጀ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞርሳ አየ። ይህን ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት እንደ አዲስ ካደረግሁት ትቀጥሩኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተስማሙ። ልጁ ኮቱን አወለቀ፣ እሳቱን አቀጣጠለ፣ ቀጠቀጠ፣ ሞረደ። ደወል ሳይደወል ሞርሳው አልቆ፣ አብረቅርቆ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድሜው ያነሳ የለም።

ይህ የሆነው በ1789 ነው። ሞድስሌይ ብዙም ሳይቆይ ፎርማን ሆነ። ሁለቱ ሆነው የቁልፉን ክፍሎች የሚቆርጡ ማሽኖች ሠሩ። በእጅ የሚሠራው በማሽን መሠራት ሲጀምር ክፍሎቹ ልካቸው አንድ ዓይነት ሆነ። ዛሬ ቶርኖ ቤት ገብታችሁ ብረት ሲቆረጥ ብታዩ፣ የዚያ ሥራ አያት ቅድመ አያቱ በከፊል ያለው በዚያች የለንደን ቁልፍ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት ላይ የወጣውን ጓጉንቸር በእጁ የሠራውም ይኸው ልጅ እንደሆነ ይነገራል።

በ1797 ሞድስሌይ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኗል። የብራማን የቤት ሠራተኛ፣ ሣራን፣ አግብቶ ልጆች ወልዷል። ደመወዙ በሳምንት 30 ሺሊንግ ነበር። ይጨመርልኝ አለ። ብራማ እምቢ አለ። ልጁም ዕቃውን ሰብስቦ ወጣና የራሱን ሱቅ ከፈተ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ቃል የገባሁላችሁን ስሌት እንሥራው። 200 ጊኒ 210 ፓውንድ ነው። 30 ሺሊንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ ተኩል። ስለዚህ ብራማ ለማያውቀው ሰው፣ ቁልፌን ከከፈተልኝ እሰጠዋለሁ ያለው ገንዘብ የፎርማኑ የ140 ሳምንት ደመወዝ ነበር። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ማለት ነው። ቁልፉን ሊያሸንፍ ለሚችለው ያን ያህል አስቀምጦ፣ ቁልፉን ለሠራው እጅ ጥቂት ሺሊንግ ነፈገ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሞድስሌይ በራሱ ቤት የእንግሊዝን የማሽን ሥራ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ፤ ዊትዎርዝና ናስሚዝ የመሳሰሉ ታላላቅ መሐንዲሶች ከእሱ እጅ ተምረው ወጡ። ብራማ ሌባን የሚከለክል በር ሠርቷል፤ ሠራተኛው የሚወጣበትን በር ግን አላየውም።

የማያርፍ እጅ

ይህን ስል ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ ቆመ ማለቴ አይደለም። በ1795 የሃይድሮሊክ ፕሬስን መብት አውጥቷል። ትንሽ ቱቦ ውስጥ ያለን ውሃ ብትገፉት፣ ያው ግፊት ሰፊ ቱቦ ውስጥ ሲደርስ በብዙ እጥፍ ጉልበት ይሆናል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚያነሳው የዘይት ክሪክ በዚሁ መርህ ነው የሚሠራው። ውሃው በጠርዙ እንዳያፈስ ያደረገውን የቆዳ ቀለበት ያበጀው ሞድስሌይ እንደሆነ ይነገርለታል፤ ሳይለቅ በፊት መሆኑ ነው።

በ1797 ደግሞ ምድር ቤት ካለ በርሜል ቢራን በእጅ እየሳበ ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። በ1806 የእንግሊዝ ባንክ የብር ኖቶቹን ተከታታይ ቁጥር በእጅ ከመጻፍ የሚያድነው ማተሚያ ሠራለት። እንጨት የሚልግ ትልቅ ማሽን፣ ከአንድ የላባ ብዕር ብዙ ጫፎች የሚያወጣ መሣሪያ፣ ሌላም ሌላም። በሕይወቱ 18 የፈጠራ መብቶች አውጥቷል።

አንድ ክርክሩም መነሳት አለበት። በ1790ዎቹ ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ቦልተን የእንፋሎት ሞተር መብታችንን ነክታችኋል ብለው ሌሎችን ፍርድ ቤት አቁመው ነበር። ብራማ በዋት ተቃራኒ ወገን ቆመ። በ1797 ለዳኛው ለሰር ጄምስ አይር ረጅም ደብዳቤ ጽፎ አሳተመ። ዋናው ቅሬታው የዋት የመብት ሰነድ አሠራሩን በቅጡ አይገልጽም፣ ሌላ ባለሙያ አንብቦት ሊሠራበት አይችልም የሚል ነበር። በክርክሩ ያሸነፈው ዋት ነው። ብራማ ግን በዚህም ያው ብራማ ነው፤ መብት የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ገልጦ ያሳይ ባይ።

አሟሟቱም ሥራ ላይ እያለ በያዘው ሕመም ነው። በ1814 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሆልት በተባለ ደን ውስጥ በሃይድሮሊክ ፕሬሱ ዛፎች ከነሥራቸው ሲነቀሉ ቆሞ ያሠራ ነበር። ብርዱ መታው። ሕመሙ ወደ ሳንባ ምች ዞረ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1814 አረፈ፤ 66 ዓመቱ ነበር። ጓጉንቸሩ መስኮቱ ላይ እንደተቆለፈ ነው። የከፈተው የለም።

51 ሰዓት

ልጆቹና ወራሾቹ ማስታወቂያውን አላወረዱም። ጓጉንቸሩ ከ60 ዓመት በላይ ተቀመጠ። ከዚያ 1851 መጣ። ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በመስታወት በተሠራው ክሪስታል ፓላስ ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከየአገሩ ዕቃ ይዘው ከመጡት መካከል አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ነበረ። የመጣው የኒው ዮርክ ቁልፍ አምራች የሆነውን የዴይ እና ኒዌልን ሥራ ሊያስተዋውቅ ነው።

ሆብስ መጀመሪያ የታወቀውን የቸብን ቁልፍ ሰዎች በተሰበሰቡበት በ25 ደቂቃ ከፈተ። ቀጥሎ የብራማን ጓጉንቸር ልሞክር አለ። ዳኞች ተሰየሙ፣ 30 ቀን ተሰጠው። ጓጉንቸሩ እንጨት ላይ ታስሮ ቀረበለት። በ16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ በጠቅላላው 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው።

470 ሚሊዮኑን አማራጭ አንድ በአንድ ሞክሮ ነው? አይደለም። በ51 ሰዓት ያን ማድረግ አይቻልም። ሆብስ ያደረገው መሐሉን ለመዞር ያህል በትንሹ ወጥሮ መያዝ ነበር። ሲወጠር፣ ተንሸራታቾቹ ብረቶች ሁሉም እኩል አይጨናነቁም። አንዱ ከሌላው የበለጠ ይይዛል። ያ የያዘው ቀስ ተብሎ ሲገፋ፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ ሲደርስ ለእጅ የሚሰማ ለውጥ አለ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። 18ቱን አንድ ላይ መገመት አላስፈለገውም፤ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፣ እነሱም አንድ በአንድ መለሱለት። ቁልፉ ራሱ ምስጢሩን በሹክሹክታ ያወራ ነበር።

የብራማ ድርጅት አሠራሩ አግባብ አይደለም፣ ማንም ሌባ 16 ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሞ እንዲህ አይሠራም ብሎ ተከራከረ። ነጥቡ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ዳኞቹ ግን ውድድሩ ውድድር ነው ብለው ለሆብስ ፈረዱ። 200 ጊኒው ተከፈለ። ለንደን ተናወጠች። የቁልፍ ድክመት በአደባባይ መውራቱ ሌባን ማስተማር ነው ብለው የተቆጡ ብዙ ነበሩ። ሆብስ የመለሰው ሌቦች ሥራቸውን ከእኛ በፊት ያውቁታል፣ የማያውቀው ቁልፉን የገዛው ምስኪን ነው የሚል ሐሳብ ነበር።

ብራማ በሕይወት ቢኖር ምን ይል እንደነበር መገመት አልፈልግም። ሥራው ግን ይናገራል። ገንዘቡን ያስቀመጠው ይህ ቀን እንዲመጣ ነው። ጉድለቱ ታወቀ፣ ቁልፍ ሠሪዎች ሁሉ ተማሩበት፣ ቁልፎች ተሻሻሉ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ጥርሳም ጠፍጣፋ መክፈቻ የመጣው በ1860ዎቹ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ታናሹ ከሠራው ቁልፍ ነው፤ እሱም የዚያ የፉክክር ዘመን ልጅ ነው። የብራማ ጓጉንቸር ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። የብራማ ስምም ዛሬ ድረስ ቁልፍ ላይ ይታተማል።

ዛሬስ መስኮቱ ላይ ማን አለ?

አሁን ወደ እኛ ዘመን በር እንምጣ። በስልክ የሚከፈተው ቁልፍ ውስጡን ስታዩት ያው መወርወሪያ ነው፤ መወርወሪያውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ተጨምሮበታል። ከስልካችሁ ጋር በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ያወራል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከኩባንያው ኮምፒዩተር ጋር በኢንተርኔት ይገናኛል። የካሜራውና የደወሉም ነገር እንደዚሁ ነው። እንግዲህ በሩ አንድ ሳይሆን ሦስት ሆነ ማለት ነው፤ የእንጨቱ በር፣ ስልካችሁ፣ የኩባንያው ኮምፒዩተር።

በ2016 የሆነውን እንይ። ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት የተገናኙ የደኅንነት ካሜራዎችን፣ የቪዲዮ መቅጃዎችንና ዋይፋይ ማከፋፈያዎችን እየፈለገ ገባባቸው። የተጠቀመው የረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ከፋብሪካ የወጡበትን፣ ባለቤቶቹ ያልቀየሩትን የመግቢያ ስምና ፓስወርድ፣ ከ60 ብዙም የማይበልጡ ጥንዶችን ነው የሞከረው። ብራማ 470 ሚሊዮን አማራጭ ሰጥቶን ነበር፤ እኛ ወደ 60 አወረድነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ላይ ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ አጨናነቁት፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ቤት እንዲጠብቅ የተገዛው ካሜራ ጠባቂነቱን ትቶ ከወንበዴ ጋር ዘመተ። ባለቤቱ ግን አላወቀም፤ ካሜራው ሥዕል ማሳየቱን አላቆመም ነበርና።

ሌላው ጥያቄ መክፈቻው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ በደወል ካሜራ የታወቀው ሪንግ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ መንገድ ከፍቷል ብሎ ከሰሰ፤ ጉዳዩ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በሚል ስምምነት አለቀ። እዚህ ላይ ቁልፉን የሰበረ ሌባ የለም። መክፈቻው ቀድሞውኑ ሌላ ሰው እጅ ነበር።

መልካም ዜናም አለ። ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዛሬ የምርታቸውን ቀዳዳ አግኝቶ ለሚነግራቸው ባለሙያ ገንዘብ ይከፍላሉ። የብራማ መስኮት ማለት ይኸው ነው። የብራማ አገር እንግሊዝም በሚያዝያ 2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ ለሁሉም አንድ ዓይነት በሆነ የፋብሪካ ፓስወርድ እንዳይሸጥ ከልክላለች። አምራቹ ቀዳዳ ያገኘ ሰው የሚያሳውቅበትን አድራሻ ማስቀመጥና ምርቱን እስከ መቼ እንደሚያድስ መናገር ግዴታው ሆኗል።

ስለዚህ ለራሳችሁም ይሁን ውጭ አገር ላለ ዘመድ እንዲህ ያለ ዕቃ ስትመርጡ፣ ስለ ካሜራው ጥራት ከመጠየቃችሁ በፊት ብራማ የሚጠይቀውን ጠይቁ። ይህን ቁልፍ ከሠሪው ሌላ ማን ፈተነው? ጉድለት ያገኘ ሰው ለማን ይናገራል? መክፈቻው ከእኔ ሌላ በማን እጅ ነው፣ ቪዲዮውን እኔ ብቻ ነኝ የማየው ወይስ ኩባንያውም? ቀዳዳ ሲገኝ እስከ ስንት ዓመት ድረስ ይደፍኑልኛል? ሆብስ ጓጉንቸሩን ሲከፍት ያ ጓጉንቸር ራሱን ማሻሻል አይችልም ነበር። የዛሬው ግን ይችላል፤ ሠሪው ካልተወው።

የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት። ለሌላ ገጽ የምትጠቀሙበትን ፓስወርድ አትድገሙበት። አፑ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅበት አማራጭ ካለው አብሩት፤ ያ ሆብስን 51 ሰዓት ከፈጀበት ሥራ በላይ ሌባን ያደክመዋል። ማሻሻያ መጣ ሲላችሁ ነገ አትበሉ። ባትሪው ያለቀ ዕለት ደጅ እንዳታድሩ ደግሞ በእጅ የሚከፈተውን መክፈቻ የምታምኑት ሰው ጋር አስቀምጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ፣ ይህን ሁሉ ዛሬውኑ አድርጉት።

ብራማን ግን አንድ ነገር አትርሱበት። ከቁልፉ ውስጥ የተቀረጸውን ሁሉ ለዓለም ገልጦ፣ ገንዘቡን አስይዞ፣ በመስኮቱ ሥር የሚያልፈውን ሌባም ባለሙያም ሞክሩኝ ብሏል። ከ60 ዓመት በኋላ ተሸነፈ። እስከዚያ ግን ያ ጓጉንቸር የት ድረስ እንደሚታመን ገዢውም ሻጩም ያውቅ ነበር። እኛ በራችን ላይ ስለገጠምነው ዕቃ ያን ያህል እናውቃለን?

በሉ፣ ደኅና ቆዩ።